ስለ ቴሙ ሴላኔ የሆኪ ህይወት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቶሮንቶ፣ ኤድመንተን፣ ሚኒሶታ ያሉ ልጆች ክረምቱ ሲረዝምባቸው የበረዶ ሆኪ ማየት ይጀምሩና ከዛ ጥያቄው ይመጣል፣ ማነው ጎበዙ፣ ከማን ልጀምር ይሉኛል። እኔ ሁሌ የምለው አንድ ስም ነው፣ ፊንላንዳዊው ቴሙ ሴላኔ። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝ በመጀመሪያ ዓመቱ ስላገባው 76 ጎል ነው፣ እሱንም በደንብ እነግራችኋለሁ፣ ለኔ ግን የዚህ ሰውዬ ትልቁ ነገር 76ቱ ጎል አይደለም፣ ሁሉም አለቀለት ካሉት በኋላ ያደረገው ነው። ለምን እንደዛ እንደምል ወደታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቴሙ ሴላኔ ማነው?

ሀምሌ 3 ቀን 1970 ሄልሲንኪ የተወለደ የቀኝ ክንፍ አጥቂ ነው፣ መንትያ ወንድምም አለው። ያደገው በሄልሲንኪው ክለብ ዮኬሪት ነው። በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ ኤንኤችኤል፣ ከ1992 እስከ 2014 ተጫውቷል፣ ለዊኒፔግ ጄትስ፣ ለአናሃይም ዳክስ (ሁለት ጊዜ)፣ ለሳን ሆዜ ሻርክስ እና ለኮሎራዶ አቫላንች። ቅፅል ስሙ "የፊንላንዱ መብረቅ" ነው፣ ፍጥነቱን ያየ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

ስሙ እንዴት ነው የሚነበበው?

ቴሙ ስትሉ "ቴ" ትረዝማለች፣ ሴላኔ ላይ ደግሞ "ኔ" ይጠብቃል፣ ልክ እኛ "ገና" የሚለውን አንዴ አጥብቀን አንዴ አላልተን እንደምንለው ማለት ነው። ፊንላንዶች የሁሉንም ቃል የመጀመሪያ ክፍል ነው ጫን ብለው የሚያነቡት። የአሜሪካ ኮሜንታተሮች "ቲሙ" ይላሉ፣ ግን ትክክለኛው ቴሙ ነው፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ከነሱ ይልቅ ለኛ ይቀለናል።

ሆኪ አላውቅም፣ ጎልና ፖይንት ምን ለየው?

በአጭሩ፣ ጎል ያገባ አንድ ፖይንት ያገኛል፣ ጎሉ ከመግባቱ በፊት ፓኳን (በኳስ ፈንታ የሚመቷትን ጠፍጣፋ ክብ ነገር) ያቀበሉ እስከ ሁለት ሰዎች ደግሞ አሲስት ተብሎ አንዳንድ ፖይንት ይመዘገብላቸዋል። ስለዚህ "132 ፖይንት" ሲባል ጎሉም አሲስቱም ተደምሮ ነው። ሜዳ ላይ በረኛውን ጨምሮ ከየቡድኑ 6 ሰው ነው የሚሰለፈው፣ ሦስት አጥቂ ሁለት ተከላካይ፣ አጥቂዎቹ ደግሞ እንደ ኳስ 90 ደቂቃ አይቆዩም፣ አንድ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሮጠው ይወጡና ሌሎቹ ይገባሉ። የክንፍ አጥቂ ስራው በመስመሩ ገብቶ መምታት ነው። ሴላኔ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፣ አንደኛ ከቆመበት ሲነሳ ያለው ፍጥነት፣ ሁለተኛ ደግሞ ተጋጣሚ ቡድን ተጫዋቹ በቅጣት ወጥቶበት ሲጎድል (ፓወርፕለይ ይሉታል) ክፍቱን ቦታ አሽትቶ እዛ መቆም። ከጎሎቹ 255ቱ በፓወርፕለይ የገቡ ናቸው።

በ1988 ተመርጦ ለምን እስከ 1992 ፊንላንድ ቆየ?

ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። በ1988 ድራፍት (ክለቦች በተራ ወጣት ተጫዋቾችን የሚመርጡበት) ዊኒፔግ በ10ኛ ምርጫ ነው የወሰደው። በዚያ ዓመት አንደኛ የተመረጠው ማይክ ሞዳኖ ነበር። ሴላኔ ግን ወዲያው አልሄደም። ፊንላንድ ውስጥ ወንድ ልጅ የግዴታ ውትድርና አለበት፣ እሱን ጨረሰ፣ ክለቡ ዮኬሪት ደግሞ ያኔ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነበር፣ በ1989 ወደ ዋናው ሊግ ሲያድግ ዋናው ጎል አግቢ እሱ ነበር። ቀጥሎ ባለው ሲዝን እግሩ ተሰበረ፣ 11 ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። ከዛ ተመልሶ በ1991/92 በ44 ጨዋታ 39 ጎል አገባና ዮኬሪት የፊንላንድ ሻምፒዮን ሆነ።

በ1992 አልበርትቪል ኦሎምፒክ ላይም 8 ጨዋታ ተጫውቶ 7 ጎል ነበረው። ስለዚህ አሜሪካ ሲሄድ የ22 ዓመት ልጅ ነው ግን ጥሬ ልጅ አልነበረም፣ የተሰበረ፣ የዳነ፣ ዋንጫ ያነሳ ሰው ነው የሄደው። እኔ 76ቱን ጎል ሳስብ እነዚህን አራት ዓመቶች አብሬ ነው የማስበው፣ ብዙ ሰው ከሰማይ የወረደ ያስመስለዋል፣ አይደለም።

የመዋዕለ ህፃናት አስተማሪ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሄልሲንኪ እያለ ሦስት ዓመት ገደማ መዋዕለ ህፃናት ውስጥ ሰርቷል። ጠዋት ከህፃናት ጋር፣ ከዛ ልምምድ፣ ከዛ ጨዋታ። ከልጆች ጋር ያለው ነገር በኋላም አለቀቀውም፣ ከጨዋታ በኋላ ፊርማ ለሚጠብቁ ልጆች ይቆም እንደነበር አናሃይም ያሉ ደጋፊዎች እስካሁን ያነሱታል።

ካልጋሪ ሊወስደው ነበር እንዴ?

አዎ፣ ለጥቂት ነው። በ1992 ካልጋሪ ፍሌምስ የኮንትራት ጥያቄ አቅርቦለት ፈርሞም ነበር፣ በሊጉ ህግ ግን መብቱ የዊኒፔግ ስለሆነ ዊኒፔግ ያንኑ ገንዘብ ከፍላለሁ ካለ ማስቀረት ይችላል፣ ከፈለና አስቀረው። ዊኒፔግ ትንሽ ከተማ ናት፣ ገንዘቡ ከብዷት ነበር ግን ያ ውሳኔ የክለቡ ታሪክ ውስጥ ከተደረጉት ውሳኔዎች ትልቁ ሆነ።

76 ጎል ያገባው እንዴት ነው?

እሺ፣ ወደዚህ ነው ሁሉም የሚቸኩለው።

በ1992/93 ሲዝን 84 ጨዋታ ተጫውቶ 76 ጎል እና 56 አሲስት፣ በድምሩ 132 ፖይንት። ይሄ በመጀመሪያ ዓመቱ ነው እንግዲህ፣ ቋንቋው ገና፣ ሜዳው ከአውሮፓው የጠበበ፣ ጉዞው ሌላ፣ ምግቡ ሌላ። ከሱ በፊት የጀማሪ ሪከርድ የማይክ ቦሲ 53 ጎል ነበር፣ ከ1977/78 ጀምሮ 15 ዓመት የቆየ። በፖይንት ደግሞ የፒተር ስታስትኒ 109። ሁለቱንም ሰበራቸው፣ ያውም ለጥቂት ሳይሆን በሰፊው ነው የሰበራቸው፣ ጎሉን በ23፣ ፖይንቱንም በ23። የዓመቱን ምርጥ ጀማሪ ሽልማት ካልደር ትሮፊን ወሰደ። በዛ ዓመት ከጠቅላላው ሊግ በጎል አንደኛ ከአሌክሳንደር ሞጊልኒ ጋር እኩል ነው የወጣው፣ ሞጊልኒም 76 ነበረው።

ብቻውን አይደለም ደግሞ። መሀል ላይ ሩሲያዊው አሌክሲ ዣምኖቭ፣ ኋላ ላይ ፊል ሃውስሊ የሚባል ተከላካይ ነበር፣ ሃውስሊ ተከላካይ ሆኖ በዛ ዓመት 97 ፖይንት ነበረው፣ ረጅም ፓስ ከኋላ ይልካል፣ ሴላኔ ደግሞ ተከላካዮቹ ሳይዞሩ አልፏቸዋል። ያንን ዓመት ቪዲዮ ብታዩ ተመሳሳይ ጎል ደጋግማችሁ ታያላችሁ፣ ፓኳ ከኋላ ትመጣለች፣ እሱ በቀኝ በኩል ይነሳል፣ በረኛው ብቻውን ይቀራል።

ጓንቱን ወርውሮ የተኮሰው መቼ ነው?

መጋቢት 2 ቀን 1993፣ ዊኒፔግ ውስጥ ከኩዊቤክ ኖርዲክስ ጋር። 51 ጎል ይዞ ነው ወደ ጨዋታው የገባው፣ ሦስት አገባ፣ ሦስተኛዋ 54ኛ ጎሉ ሆነችና የቦሲ ሪከርድ ተሰበረ። ከዛ አንድ ጓንቱን አውልቆ ወደ ላይ ወረወረና ስቲኩን (መጫወቻ ዱላውን) እንደ ጠመንጃ ይዞ እንደሚበር ወፍ ተኮሰበት። አዳራሹ አበደ። ያቺ ምስል እስካሁን ዊኒፔግ ውስጥ ቲሸርት ላይ፣ ፖስተር ላይ አለች። ከዛ በኋላ በቀሩት ጨዋታዎች ደግሞ ሌላ 22 ጎል ጨመረ፣ ሰው ሪከርድ ከሰበረ በኋላ ትንሽ ይረጋጋል ብዬ ነበር የማስበው፣ እሱ ግን ጭራሽ ባሰበት።

ያኔ ጎል ማግባት ቀላል ስለነበር ነው ይባላል፣ እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። 1992/93 ጎል የበዛበት ሲዝን ነበር፣ 14 ተጫዋቾች 50 እና ከዛ በላይ ጎል አግብተዋል፣ ያ ራሱ ሪከርድ ነው። በረኞቹ የሚለብሱት መከላከያ ያነሰ ነበር፣ የመከላከል ስልቱም እንደ በኋላው የተጠና አልነበረም። ይሄን አልክድም። ግን እነዚያ 14 ሰዎች ውስጥ ጀማሪ እሱ ብቻ ነው፣ አንደኛም እሱ ነው፣ ከሞጊልኒ ጋር እኩል። ከሱ በኋላ ከመጡት ጀማሪዎች በሙሉ ትልቁ ቁጥር የአሌክስ ኦቬችኪን 52 ነው (2005/06)፣ ኦቬችኪን ማለት ደግሞ በኋላ የዌይን ግሬትዝኪን የሊጉን የምንጊዜም የጎል ሪከርድ የሰበረው ሰውዬ ነው፣ እሱ እንኳን በ24 ጎል ያንሳል። እኔ በበኩሌ ይሄ ሪከርድ በህይወቴ ሲሰበር አያለሁ ብዬ አላስብም።

ታዲያ ዊኒፔግ ለምን ለቀቀው?

መጀመሪያ ጉዳት መጣ። በጥር 1994 የሌላ ተጫዋች የጫማ ስለት የተረከዙን ጅማት ቆረጠው፣ የዛ ዓመት ሲዝኑ እዛው አለቀ፣ 51 ጨዋታ 25 ጎል ላይ ቆመ። ከዛ ዊኒፔግ ጄትስ ገንዘብ አልቆበት ወደ ፊኒክስ ሊሄድ እየተዘጋጀ ነበር፣ የካናዳ ዶላር ወድቋል፣ ደሞዝ የሚከፈለው ግን በአሜሪካ ዶላር ነው፣ አዳራሹም አሮጌ። የካቲት 7 ቀን 1996 ወደ አናሃይም ትሬድ ተደረገ፣ በተጫዋች ልውውጥ ማለት ነው። ከከተማዋ ክለቡ ራሱ የሄደው ጥቂት ወር ቆይቶ ነው፣ ዊኒፔግ ያሉ ሰዎች ግን ክለባቸው የሞተው እሱ የተሸጠ ቀን ነው ይላሉ። ሆኪ ወደ ከተማዋ የተመለሰው በ2011 ነው፣ የአትላንታው ክለብ ሲዛወር፣ ሴላኔ ደግሞ በታህሳስ 17 ቀን 2011 የአናሃይምን ማልያ ለብሶ እዛ ሲጫወት ህዝቡ ቆሞ ነው የተቀበለው። 15 ዓመት አልፎ፣ የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች ሆኖ። እኔ ያንን ስመለከት እንባዬ ነው የመጣው።

ከፖል ካሪያ ጋር ያላቸው ነገር ምንድነው?

ወንድማማችነት ነው፣ ሌላ ቃል የለኝም። ካሪያ አናሃይም ላይ አብሮት የተጫወተ አጥቂ ነው፣ ካሪያ በግራ ሴላኔ በቀኝ፣ ሁለቱም ፈጣን፣ ሳይተያዩ የሚቀባበሉ። አናሃይም ላይ ሴላኔ በ1996/97 51 ጎል፣ በ1997/98 52፣ በ1998/99 ደግሞ 47 አገባ፣ የመጨረሻው ዓመት ላይ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሽልማት፣ በሞሪስ ሪሻር ስም የተሰየመው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የወሰደው እሱ ነው። ጎል የጠፋበት ዘመን ነበር እኮ ያ፣ ተከላካይ አጥቂውን በስቲክ እየጠለፈ እየጎተተ ዳኛ ዝም የሚልበት። "በ1993 ጎል ቀላል ስለነበር ነው" ለሚሉት መልሱ እነዚህ ሦስት ዓመቶች ናቸው።

ቡድኑ ግን ከሁለቱ ውጪ ስስ ነበር፣ ሩቅ አልሄደም፣ በመጋቢት 2001 ሴላኔ ወደ ሳን ሆዜ ተሸጠ። በ2003 ሁለቱም ነፃ ሲሆኑ ተደዋውለው አንድ ላይ ኮሎራዶ ሄዱ፣ ሁለቱም ደሞዝ ቀንሰው፣ ካሪያ እንደውም 1.2 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው የተቀበለው፣ ከዛ በፊት አናሃይም ላይ 10 ሚሊዮን ይከፈለው የነበረ ሰውዬ። አብረው ዋንጫ ሊያነሱ ነበር ህልማቸው።

ኮሎራዶ ላይ ምን ሆነ?

ይሄ ነው መነገር ያለበት ታሪክ።

አማርኛ ላይ ጉልበት ስንል ሁለት ነገር ነው፣ የእግር መታጠፊያውም ጉልበት ነው፣ አቅምም ጉልበት ነው። ሴላኔ ላይ የሆነው በትክክል ይሄ ነው፣ አንዱ ሲሄድ ሌላውም ሄደ። ጉልበቱ ታሞ ነበር፣ የበረዶ ላይ ሩጫ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ጉልበት በማጠፍና በመግፋት ነው የሚሰራው፣ በተለይ እንደሱ ዓይነት በመነሻ ፍጥነት የሚኖር ተጫዋች ላይ። 78 ጨዋታ ተጫውቶ 16 ጎል ብቻ። ያው ሰውዬ፣ ያው እጅ፣ ያው አይን፣ ግን በፊት ጥሏቸው የሚሄዳቸው ተከላካዮች አሁን ይደርሱበታል። ካሪያም ተጎዳ፣ ቡድኑም በሁለተኛው ዙር ተሰናበተ። 33 ዓመቱ ነበር፣ ጋዜጣው፣ ቲቪው፣ ሁሉም አበቃለት አለ።

ከዛ ሎክአውት መጣ። የ2004/05 ሲዝን በባለቤቶችና በተጫዋቾች መሀል በተነሳው የደሞዝ ጭቅጭቅ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። ለብዙ ተጫዋች ያ ዓመት ብክነት ነበር፣ ለሱ ግን መዳኛው ሆነ። ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ተደረገ፣ ለዮኬሪት ፈርሞ ነበር ግን አንድም ጨዋታ አልተጫወተም፣ ዓመቱን ሙሉ ማገገሚያ ላይ አሳለፈ። እስቲ አስቡት፣ በ23 ዓመትህ አይደለም በ34 ዓመትህ፣ ገንዘብ አለህ፣ ስም አለህ፣ ሪከርድ አለህ፣ ማንም አይወቅስህም ብታቆም፣ አንተ ግን በየቀኑ ጂም ገብተህ እግርህን እንደ አዲስ ታስተምረዋለህ።

በ2005 አናሃይም መልሶ ወሰደው፣ ለአንድ ዓመት፣ በአንድ ሚሊዮን ዶላር፣ ለእንደሱ ዓይነት ስም ይሄ ምንም ማለት ነው። በዛ ዓመት 40 ጎል እና 90 ፖይንት አመጣ። ለፅናት የሚሰጠውን ቢል ማስተርተን ትሮፊ ወሰደ። ከዛ በቀጣዩ ዓመት 48 ጎል፣ በ36 ዓመቱ።

የ22 ዓመት ልጅ ሆኖ 76 ማግባት ተሰጥኦ ነው፣ በኦፕራሲዮን ጉልበት 40 እና 48 ማግባት ግን ሌላ ነገር ነው፣ እኔ ከ76ቱ በላይ የምቆጥረው እነዚህን ነው።

ስታንሊ ካፕ መቼ አነሳ?

ስታንሊ ካፕ የኤንኤችኤል ዋንጫ ነው። ያነሳው ሰኔ 6 ቀን 2007፣ አናሃይም ኦታዋ ሴናተርስን በአምስት ጨዋታ አሸንፎ። ከካሊፎርኒያ ስታንሊ ካፕ ያነሳ የመጀመሪያው ክለብ ነው።

ግን ፍፃሜው ሳይሆን ከሱ በፊት የነበረው ዙር ነው ዋናው። ከዲትሮይት ጋር ሁለት ሁለት ጨዋታ ተሸናንፈዋል፣ አምስተኛው ጨዋታ ዲትሮይት ሜዳ ላይ፣ አናሃይም 1 ለ 0 እየተመራ አንድ ደቂቃ አልቀረም፣ ካፒቴኑ ስኮት ኒደርማየር አቻ አደረገ። ተጨማሪ ሰዓት። የዲትሮይቱ ተከላካይ በራሱ ክልል ፓኳን ሲያንገላታ ነጠቁት፣ ሴላኔ ጋ ደረሰች፣ በስቲኩ ጀርባ በዶሚኒክ ሃሼክ ላይ ከፍ አድርጎ አገባት። ሃሼክ ማለት በዘመኑ ከነበሩት በረኞች ሁሉ ትልቁ ነው የሚባል ሰው ነው። ያቺ ጎል ባትገባ ምናልባት ዋንጫውም የለም።

ዋንጫውን ሲይዝ ያለቀሰው ለቅሶ እስካሁን ይታያል። ከመጀመሪያ ጨዋታው 15 ዓመት ሊሞላው ነው፣ ካሪያ አብሮት የለም (ካሪያ ዋንጫ ሳያነሳ ነው ያቆመው)፣ አሰልጣኙ ደግሞ ራንዲ ካርላይል፣ በ1992/93 ዊኒፔግ ላይ አብሮት ይጫወት የነበረው ሰውዬ።

ለፊንላንድስ ምን ሰራ?

ስድስት ኦሎምፒክ ተጫውቷል፣ 1992፣ 1998፣ 2002፣ 2006፣ 2010፣ 2014። አራት ሜዳሊያ፣ ነሀስ በናጋኖ፣ ብር በቱሪን፣ ነሀስ በቫንኩቨር፣ ነሀስ በሶቺ። በኦሎምፒክ የወንዶች ሆኪ ታሪክ ብዙ ፖይንት ያለው እሱ ነው፣ 37 ጨዋታ 24 ጎል 19 አሲስት፣ 43 ፖይንት። የበፊቱ ሪከርድ 36 ነበር፣ ሦስት ሰዎች ተጋርተውት፣ ቫንኩቨር ላይ አለፋቸው።

ቱሪን 2006 በጣም የሚያናድድ ነው። ፊንላንድ እስከ ፍፃሜ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈችም፣ ግማሽ ፍፃሜ ላይ ሩሲያን 4 ለ 0፣ ሴላኔ የውድድሩ ምርጥ አጥቂ ተባለ፣ ፍፃሜ ላይ ግን ከስዊድን ጋር 3 ለ 2 ተሸነፉ። ፊንላንድና ስዊድን ማለት ጎረቤት ናቸው፣ ስዊድን ፊንላንድን ለዘመናት ገዝታለች፣ ስለዚህ በሌላ ሀገር መሸነፍና በስዊድን መሸነፍ ለፊንላንድ ሰው አንድ አይደለም።

ሶቺ 2014 ደግሞ 43 ዓመቱ ነበር። ሩብ ፍፃሜ ላይ ፊንላንድ አስተናጋጇን ሩሲያን 3 ለ 1 ስትጥል እሱም አንድ አገባ፣ ለነሀሱ ደግሞ አሜሪካን 5 ለ 0፣ ሁለቱ የሱ። የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። በኦሎምፒክ ሆኪ ሜዳሊያ ካገኙት በሙሉ በእድሜ ትልቁ ሆነ።

የኦሎምፒክም የዓለም ዋንጫም ወርቅ የለውም፣ ያ ስሙን አይቀንስም?

የለውም። በዓለም ሻምፒዮና በ1999 ብር (ኮከብ ተጫዋች ተብሎ)፣ በ2008 ነሀስ። ፊንላንድ በ1995 ወርቅ ስታገኝ እሱ ቡድኑ ውስጥ አልነበረም። እኔ ግን እንደዚህ ነው የማየው፣ ፊንላንድ 5.5 ሚሊዮን ህዝብ ያላት ሀገር ናት፣ ከካናዳ፣ ከሩሲያ፣ ከአሜሪካ ጋር በየጊዜው እኩል እንድትቆም ያደረጉት እሱና እነ ሳኩ ኮይቩ ናቸው። ቁጭቱ አለ ግን ስሙን አይነካውም።

ጡረታ ስንት ጊዜ ወጣ?

በይፋ አንዴ ነው፣ በ2014። ግን ከዋንጫው በኋላ በ2007 ልጫወት አልጫወት እያለ ግማሽ ሲዝን ቤቱ ቆየ፣ ጥር መጨረሻ 2008 ተመለሰና በ26 ጨዋታ 12 ጎል አገባ። ከዛ በየክረምቱ ያው ጥያቄ ነበር፣ ያቆማል አያቆምም። በ2010/11፣ 40 ዓመት ሞልቶት፣ 80 ፖይንት አመጣ። ያንን ቁጥር የ25 ዓመት ኮከቦች ብዙዎቹ አያገኙትም።

የመጨረሻው ዓመት ከባድ ነበር፣ 9 ጎል ብቻ፣ አሰልጣኙ ብሩስ ቡድሮ የሚሰጠው ደቂቃ ቀነሰ፣ አንዳንዴም ሳይሰለፍ ይውል ነበር። ተናዶ ነበር፣ አልደበቀውም። የመጨረሻ ጨዋታው ግንቦት 16 ቀን 2014 ከሎስ አንጀለስ ኪንግስ ጋር ሰባተኛው ጨዋታ ላይ ነው፣ ተሸነፉ፣ አለቀ።

ከያሪ ኩሪና ከሱ ማን ይበልጣል?

ፊንላንዶች ራሳቸው የሚጨቃጨቁበት ነው። ኩሪ ከግሬትዝኪ ጋር ኤድመንተን ላይ ተጫውቶ 5 ስታንሊ ካፕ አለው፣ 601 ጎል፣ ወደ ዝነኞች አዳራሽ የገባ የመጀመሪያው ፊንላንዳዊም እሱ ነው (2001)። ሴላኔ ልጅ ሆኖ የሚያየው ሰው ኩሪ ነበር፣ በኋላ በ1996/97 አናሃይም ላይ አብረው ተጫወቱ። በጎልም በፖይንትም ሴላኔ አልፎታል። ኩሪ በሁለቱም አቅጣጫ፣ በማጥቃትም በመከላከልም የተሟላ ነበር፣ ያንን ሴላኔ አልነበረውም። እንደ እኔ ግን ኩሪ በዘመኑ ከሁሉ የበለጠውን ተጫዋች አጠገቡ ይዞ ነው፣ ሴላኔ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቡድኑን ተሸክሞ ነው፣ ስለዚህ ለሴላኔ አደላለሁ።

በአጠቃላይ ቁጥሩ ስንት ነው?

1,451 ጨዋታ፣ 684 ጎል፣ 773 አሲስት፣ 1,457 ፖይንት፣ ፕለይኦፍ (ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ለዋንጫ የሚደረጉት ጨዋታዎች) ሳይቆጠር። ሲያቆም በጎል ከሊጉ ታሪክ 11ኛ ነበር። ከፊንላንድ የወጣ ማንም በጎልም በፖይንትም አልደረሰበትም። 8 ቁጥር ማልያውን አናሃይም በጥር 11 ቀን 2015 ሰቀለው፣ ማለትም ሌላ ሰው አይለብሰውም፣ ክለቡ የሰቀለው የመጀመሪያው ቁጥር ነው፣ ያን ቀን ተጋጣሚው ማን ነበር ብትሉ፣ ዊኒፔግ። በ2017 የዝነኞች አዳራሽ ገባ፣ ከፖል ካሪያ ጋር፣ በአንድ ቀን።

ሪከርዱን የሚደርስበት ፊንላንዳዊ አሁን አለ?

ፓትሪክ ላይኔ ሲመጣ ሁሉም እሱ ነው ብሎ ነበር፣ ያውም ዊኒፔግ ነው የመረጠው፣ በ2017/18 44 ጎል አገባ፣ ከዛ ጉዳትም ሌላም ነገር ተደራረበበት። ሚኮ ራንታነን አለ፣ ጎበዝ ነው። አሌክሳንደር ባርኮቭ ደግሞ በ2024 ፍሎሪዳን መርቶ ስታንሊ ካፕ ያነሳ የመጀመሪያው ፊንላንዳዊ ካፒቴን ሆነ፣ በ2025 ደገመው። 684 ጎል ግን በጣም ሩቅ ነው፣ በየዓመቱ 40 እያገቡ ከ17 ዓመት በላይ መጫወት ይጠይቃል።

አንድ ቀን ብቻ ጊዜ ቢኖረኝ የቱን ልይ?

መጀመሪያ መጋቢት 1993፣ ጓንቱ። ቀጥሎ ግንቦት 2007፣ ዲትሮይት ላይ ያገባት። ከዛ ሚያዝያ 13 ቀን 2014 አናሃይም ላይ የመጨረሻው የመደበኛ ሲዝን የሜዳ ጨዋታው። ተጋጣሚው ኮሎራዶ ነበር፣ ጨዋታው አልቆ ህዝቡ አልሄደም፣ ስሙን እየጠራ ነው፣ እሱ ሊዞርና ሊሰናበት ወጣ። ኮሎራዶ በኩል ደግሞ ዣን ሴባስቲያን ዢጌር አለ፣ በ2007 አብሮት ዋንጫ ያነሳው በረኛ፣ እሱም ሊያቆም ነው። ሴላኔ ጠራው፣ ዢጌር የተቃራኒ ቡድን ማልያ እንደለበሰ መጣ፣ ሁለቱ አብረው በረዶውን ዞሩት።